የእማማ ሀዋ ድኩላ

ልጅ ሳለሁ የማፍርበት አንድ ነገር ነበረኝ፤ አባቴ ተኩሶ አይገድልም።

የጎረቤት ልጆች አባቶች ጭራሽ ጠብመንጃ የላቸውም፤ ይህ ግን አያጽናናኝም ነበር። ጠብመንጃ የሌለው ሰው አይስትም። የእኔ አባት መምህር ሲላስ ግን ከአያቴ የወረሰው ምንሽር አለው። ቀበሌ አስመዝግቦታል፣ እየፈታታ ዘይት ይቀባዋል፣ ጥይቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጣል። ይህን ሁሉ አድርጎ ወደ ጊቤ ቆላ ይወርድና ድኩላ ላይ ተኩሶ ይስታል። በእኔ ሂሳብ ሳተ ማለት ድኩላው ሮጠ ማለት ነው። አባዬ የተኮሰበት ድኩላ ደግሞ አንድም ቀን ሳይሮጥ ቀርቶ አያውቅም።

ወሬውን የማገኘው ከጋሼ ከማል ነው። ጋሼ ከማል የአባዬ የልብ ጓደኛ ነው፤ ሥራው ቆዳ ንግድ ስለሆነ በአሮጌ ፒክአፑ ፎንቆና ሞርሲቶ ገበያ እየዞረ የበግና የፍየል ቆዳ ይሰበስባል። ለአደን አብረው ይወርዳሉ፤ አባዬ ይተኩሳል፣ ጋሼ ከማል ቢላዋውን ይዞ ይሮጣል። ሲመለሱ በራችን ላይ ቆሞ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ፣

«ጵርስቅላ! ባልሽ ዛሬም ድኩላውን አስደንግጦ ለቀቀው! እኔ ሮጬ ባልደርስበት ኖሮ ጎመን ነበር የምትበሉት!» ይላታል እናቴን።

እናቴ ትስቃለች። አባዬም ይስቃል። እኔን የሚያበግነኝ የእሱ መሳቅ ነበር። ሰው በገዛ ውርደቱ እንዴት ይስቃል?

ያለ ፈቃድ ድኩላ ማደን ክልክል መሆኑን ያወቅሁት አድጌ የእንስሳት ሕክምና ስማር ነው። አባዬን ጠየቅሁት። «የአሞጽን ቦሎቄ እየበላ አስቸግሮት ስለነበር ነው» ብሎ ቶሎ ወሬ ቀየረ። አሞጽ ከሆሳዕና ወደ ጊቤ ሲወረድ ዳገቱ አፋፍ ላይ የሚኖር ዘመዳችን ነው። ቦሎቄው ያን ያህል አደን የሚያስወጣ አልነበረም፤ እኔም ግን አባቴን ፍርድ ቤት አላቆምኩትም።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በዚያ ዓመት ክረምቱ እንዳለፈ የጋሼ ከማል እናት እማማ ሀዋ ታመሙ። እማማ ሀዋ ለአባዬም እናቱ ነበሩ ማለት ይቻላል። አያቴ ስትሞት አባዬ ገና ሕፃን ስለነበር ያደገው አጥር ተሻግሮ ከከማል ጋር አንድ ትሪ ላይ እየበላ ነው። እሳቸውም ሁለቱን ሲቆጡ አያበላልጡም ነበር፤ አንዱ ሲያጠፋ ሁለቱም ይገረፉ ነበር ይባላል።

እማማ ሀዋን እህል ዘጋቸው። ሾርባ መለሱ፣ ወተት መለሱ። እናቴ አተካና ሠርታ ወሰደችላቸው፤ ቡላው በቅቤና በወተት ርሶ የወጣ፣ ሽታው ብቻ ሰው የሚያስነሳ። «አላህ ይስጥሽ ልጄ» ብለው ሳይቀምሱ ለልጆች አሳለፉት። ሀዲያ ምድር ላይ አተካና የመለሰ ሰው፣ ነገሩ ከሐኪም በላይ ሆኗል ማለት ነው።

በዚያው ዕለት ጋሼ ከማል ቤታችን መጣ። በር ላይ አልጮኸም። ገብቶ ቁጭ አለና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ አሻንጉሊቴን አስተኛለሁ።

«ምን ላምጣልሽ ብላት ድኩላ አለችኝ» አለ። «በልጅነቷ አባቷ ያበላት ነበር። ከዚያ ሌላ ምንም አላማራትም።»

«እናመጣላታለን» አለ አባዬ።

«ሲላስ፣ ሞቶ ካገኘሁት ግን...»

«አውቃለሁ።»

«አፏ ላይ አታደርገውም።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ። ደግሞ እኔ መቼ ገድዬ አውቃለሁ?»

ጋሼ ከማል ፈገግ አለ፤ ወዲያው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነና ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አባዬ ተነስቶ አጠገቡ ተቀመጠ። እኔ የሰማሁት «ሞቶ ካገኘሁት» የሚለውን ብቻ ስለነበር የራሴን ፍርድ ሰጠሁ፤ ጋሼ ከማል የሞተ ነገር ይፈራል። ቆዳ ነጋዴ የሞተ ነገር እየፈራ እንዴት እንደሚነግድ ራሴን አልጠየቅሁም። በልጅ ጭንቅላት ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር ቦታ አያጣም።

ሁለት ቀን ሳይቆይ የእናቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ሆሴዕ ከአዲስ አበባ ከች አለ። አጎቴ የውጭ አገር አዳኞችን ወደ በረሃ የሚወስድ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ሥራው ምግብ ማብሰል መሆኑን የሰማነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ሲያወራው ግን ጎሹን የሚጥለው እሱ፣ ፈረንጁ ደግሞ ፎቶ የሚነሳ ብቻ ነበር። የአደኑን ወሬ ሲሰማ ከሻንጣው አንድ ትንሽ የካርቶን ሳጥን አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ጥይት ነበር፤ አንድ ፈረንጅ ትቶለት የሄደ፣ ለምንሽራችን ልክ የሆነ።

«እስቲ ያንተን አምጣ ጋሼ ሲላስ» አለ። አባዬ አንዷን ከጨርቋ ፈትቶ ሰጠው። አጎቴ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዛቸው። የአባዬ ጥይት ሹል ነች፣ እስከ ጫፏ ድረስ ብረት ለብሳለች። የአጎቴ ደግሞ ጫፏ ደልደል ያለ፣ ብረቱ ያልሸፈነው ግራጫ እርሳስ የሚታይባት ነች።

«ይህቺ ያንተዋ» አለ አጎቴ፣ «ገብታ ትወጣለች። ለሰላምታ እንኳ አትቆምም። ድኩላው መመታቱን ሳያውቅ ተራራ ያቋርጣል። ይህቺ ግን ሥጋ ስትነካ አፍንጫዋ እንደ እንጉዳይ ይከፈታል፤ ጉልበቷን እዚያው ውስጥ ታራግፈዋለች። በቃ፣ መሮጥ የለም።»

መሮጥ የለም! ልቤ ዘለለች። ለካ ጥፋቱ የአባዬ ሳይሆን የጥይቱ ነው።

አባዬ የእርሳስ አፍንጫዋን ጥይት በጣቶቹ መካከል አገላበጣት። «ጥሩ ጥይት ናት» አለ። «እንስሳውንም አታሰቃየውም። የትከሻውን ሥጋ ግን ደም በደም ታደርገዋለች፤ እርሳሱም ሥጋው ውስጥ ይበታተናል።»

«ለትከሻው ሥጋ አስበህ ነው እንዴ የምትስተው?» አለ አጎቴ።

አባዬ ሳቀ። አሁንም ሳቀ።

በማግስቱ በጋሼ ከማል ፒክአፕ ወረድን። እኔ እሄዳለሁ ብዬ አልቅሼ ነበር፤ አባዬ እምቢ ሊል ሲል ጋሼ ከማል፣ «ተዋት ትምጣ፤ ስትስት የሚያባብልህ ሰው ያስፈልግሃል» አለው። በአባዬና በአጎቴ መሃል ተጣብቄ ተቀመጥኩ። መኪናው የቆዳ ሽታ አለው፤ ጨው፣ ሞራና የረጠበ ፀጉር። ጋሼ ከማል መንገዱን ሙሉ ከወትሮው አብልጦ ይቀልዳል። እየቀለደ መሪውን የሚጨብጥበት እጁ ግን አይላላም ነበር።

አሞጽ ቤት ስንደርስ አጎቴ መጀመሪያ የጥይቱን ልዩነት ካላሳየሁ አለ። «እንሰት አምጡልኝ» አለ። «ሥጋም እንሰትም ውኃ ናቸው።»

አሞጽ ራሱን ያዘ። «አንዱን እንሰቴን ይህ ሰው ገድሎታል፤ አሁን ደግሞ ሁለተኛ?» አለ ወደ ጋሼ ከማል እየጠቆመ። እውነት ነው፤ ጋሼ ከማል ዓይኑ ሩቅ አያይለትም። አንድ ጊዜ ልሞክር ብሎ ምንሽሩን ተቀብሎ ድኩላ የመሰለውን ነገር መትቶ ጥሎታል፤ ሮጦ ሲደርስ የአሞጽ እንሰት ሆኖ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ጠብመንጃ አልነካም።

አሞጽ እያጉረመረመ ሊፋቅ የደረሰ እንሰት አሳየን። አባዬ በሹሏ ጥይት ተኮሰ። ሄደን አየን፤ በፊት ለፊት ትንሽ ቀዳዳ፣ በስተኋላም ያችው ትንሽ ቀዳዳ፤ የመጻፊያ እርሳስ የሚያህል ነገር አልፎበት የሄደ ነው የሚመስለው። ከዚያ አጎቴ በራሱ ጥይት ከፍ አድርጎ መታው። የእንሰቱ ጀርባ ተበረገደና ውኃውና ቃጫው ጎን ቆሞ የነበረውን አሞጽን ፊቱን አለበሰው። አሞጽ በሀዲይኛ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም። እኔ በቀዳዳው ጭንቅላቴን ላስገባ ስሞክር አባዬ ቀሚሴን ይዞ ጎተተኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቦሎቄው ማሳ በታች፣ ጥሻው ጫፍ ላይ አደፈጥን። ከታች ወንዙ ይሰማል። ጋሼ ከማል ጫማውን አውልቆ ከእኛ ትንሽ ወደ ፊት ራቅ ብሎ ጋደም አለ፤ ቢላዋው ወገቡ ላይ ነው። ጉንዳን እግሬን እየበላኝ ዝም አልኩ። ብዙ ቆይቶ ከጥሻው ውስጥ ድኩላ ወጣ፤ ጥቁር ቡና ዓይነት፣ ጎኑ ላይ ነጠብጣብ ያለው፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ። ጆሮውን ወዲያና ወዲህ ያደርጋል።

አባዬ ምንሽሩን ሲያነሳ አጎቴ ትከሻውን ነካው። «ለእኔ ስጠኝ፤ እባክህ ጋሼ ሲላስ፣ አንዴ።»

በእኛ ዘንድ የሚስት ወንድም የጠየቀውን መንሳት ነውር ነው። በእንግድነት የመጣ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። አባዬ ወደ ጋሼ ከማል አየ፤ ጋሼ ከማል ጀርባውን ሰጥቶ ድኩላውን እያየ ነው። አባዬ ጠብመንጃውን ሰጠና፣ «ባጎረስኳት ተኩስ» አለ በሹክሹክታ። አጎቴ ግን መቀርቀሪያውን በቀስታ ስቦ የአባዬን ጥይት አወጣና የራሱን አጎረሰ።

ተኮሰ። ድኩላው እንኳን ሊሮጥ አንድ እርምጃም አልተራመደም። እግሮቹ በአንድ ላይ ከዱት፤ ወደቀ።

እኔ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። መሮጥ የለም! ጋሼ ከማል ግን ሮጠ። የምን መሮጥ ነው ብዬ ገረመኝ፤ የሚያባርረው ነገር የለም እኮ። ደረሰ፤ ተንበረከከ፤ እጁን አንገቱ ላይ አደረገ። እንደዚያው ሆኖ ቆየ። ከዚያ ተነሳና ቢላዋውን ወደ ሰገባው መለሰ።

እኔ ነገሩን ወዲያው ተረዳሁት፤ ጋሼ ከማል ቀንቷል። ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚጨርሰው፤ ዛሬ ሥራ አጣ። አባዬም ቀንቷል፤ አጎቴ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ሆኖ በለጠው። ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ማኩረፋቸው አሳፈረኝ።

አሁን እንደማንኛውም የሆሳዕና ሰው አውቃለሁ። ጋሼ ከማልና እናቱ በእስላም እጅ፣ የአላህ ስም ተጠርቶ ነፍሱ ሳትወጣ ያልታረደ ሥጋ አይበሉም። ቢላዋው የደረሰው በድን ላይ ነበር። እማማ ሀዋ ከዓለም ምግብ ሁሉ አንድ የፈለጉት ነገር እዚያ ተጋድሟል፤ ለእሳቸው ግን ከድንጋይ አይሻልም። እኛ ፕሮቴስታንቶች ነንና ለእኛ ግድ አልነበረም፤ አባዬ የከማል ቢላዋ የነካውን ሁሉ ይበላል። በዚህ የሚያጉረመርሙ ምእመናን ነበሩ። «ከወንድሜ ጋር ያልበላሁት ሥጋ አይጣፍጠኝም» ብሎ ይመልስላቸው ነበር።

አጎቴ ቆይቶ ገባው። ፊቱ ገረጣ። «ከማል... እኔ እኮ... አዲስ አበባ ሥጋ ቤት በር ላይ መስቀል ወይ ጨረቃ አለ፤ አይቶ ነው ሰው የሚገባው። እዚህ ድኩላው ላይ ምንም የለም!»

«ችግር የለውም ሆሴዕ» አለ ጋሼ ከማል። «አበጀህ፣ ተኳሽ ነህ።» ከዚያ ወደ አባዬ ዞረ። «እንሂድ ሲላስ። አልተጻፈላትም።»

«ቁጭ በል» አለ አባዬ።

«ተኩሱን የሰማ አይወጣም። ደግሞ እየመሸ ነው።»

«ቁጭ በል አልኩህ።»

አባዬ በዚያ ድምፅ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ጎተትኩት። «አባዬ፣ ድኩላው እኮ ተገድሏል። ለምን ለእማማ ሀዋ አንወስድላቸውም?»

«ይኼ የእማማ ሀዋ አይደለም።»

ለእኔ ድኩላ ድኩላ ነበር። አባዬ ሹሏን ጥይት ከአጎቴ ተቀብሎ በሸሚዙ ጠረጋት። ከዚያ ጋሼ ከማልን፣ «አንተ ወንዙ ዳር ከዋርካው ሥር ሁን። በዚያ በኩል ነው የሚመጣው» አለው። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ገና ሳይተኩስ ለመሳቱ መዘጋጀቱ ነው!

ጠበቅን። ብርሃኑ ቀላ፣ ከዚያ ደበዘዘ። አጎቴ ጭንቅላቱን በጉልበቱ መሃል ቀብሮ ተቀምጧል። እኔ እንኳ ተስፋ ቆርጬ እራቴን ሳስብ ሌላ ድኩላ ከማሳው ማዶ ብቅ አለ። አባዬ ምንሽሩን አነሳና እጅግ ረጅም ጊዜ አነጣጠረ። ትንፋሹ አይሰማም። ድኩላው ጎኑን እስኪሰጠው ጠበቀ፤ ተኮሰ።

ሮጠ። እንደ ጤነኛ ዘሎ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሮጠ።

«ኧረ ጋሼ ሲላስ!» አለ አጎቴ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

አባዬ ጠብመንጃውን ሣሩ ላይ አጋደመ። «ይቅር በለኝ» አለ ቀስ ብሎ፤ ለማን እንደሆነ አላወቅሁም። ስለሳተ እግዚአብሔርን ይቅርታ እየጠየቀ መሰለኝና አብሬው ዓይኔን ጨፈንኩ። ያኔ ከወንዙ ዳር የጋሼ ከማል ድምፅ መጣ፤ «ቢስሚላህ! አላሁ አክበር!» ትንሽ ቆይቶ፣ «ደረስኩበት! ሲላስ፣ በነፍሱ ደረስኩበት!» እያለ ጮኸ። ድኩላውን ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ ሸሚዙ በእሾህ ተቀዳዷል፣ ፊቱ ረጥቧል። ላብ ነው ብዬ ነበር።

ሆሳዕና ገብተን ሥጋው እስኪበስል እማማ ሀዋ ትራስ ተደግፈው ተቀመጡ። የቤቱ ሴቶች ኩላሊቱንና ጥቂት ለስላሳ ሥጋ ጠብሰው ከቆጮ ጋር አቀረቡላቸው። ሁሉም አፋቸውን ያያል። አንድ ጊዜ አላመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለተኛ ጎረሱ፤ ሦስተኛውን ለራሳቸው ሳይሆን ለአባዬ አጎረሱት። ጋሼ ከማል ወደ ጓሮ ወጣ፤ አፍንጫውን ሲናፈጥ ይሰማል።

ከዚያ እማማ ሀዋ ቆዳውን አምጡልኝ አሉ። ገና እርጥቡን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ዳበሱት። ጣታቸውን ጥይቱ የገባበት ቀዳዳ ላይ አድርገው ቆዩና አባዬን ቀና ብለው አዩት።

«አንተ ልጅ» አሉ፣ «እስከ መቼ ነው የምትስተው?»

«ምን ላድርግ እማማ» አለ አባዬ አንገቱን ደፍቶ፣ «እጄ አልተባረከም።»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እማማ ሀዋ ራሳቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ጆሮዬ ጋለ። ታመው እንኳ በአባቴ ያሾፋሉ!

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ሲቀበሩ የመቃብሩን አፈር ከከማል እኩል የመለሰው አባዬ ነበር። የአጎቴን ድኩላ አሞጽና ጎረቤቶቹ በሉት። አጎቴም ከትከሻው ሥጋ ደርሶት ሲያላምጥ እርሳስ ነክሶ መንጋጋ ጥርሱን ሰበረ። መሮጥ የለም ያለላት ጥይት እሱን ጥርስ ሐኪም ቤት አስሮጠችው።

እኔ አድጌ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። አንድ ቀን የተሰነጠቀ የበግ ደረት ከፊታችን ተዘርግቶ ስለ ሳንባ ስንማር እጄ ቆመ። ሹል ጥይት ከትከሻ ኋላ ገብታ ሁለቱን ሳንባ በትንሽ ቀዳዳ ብታልፍ እንስሳው ወዲያው አይወድቅም። ጥቂት ይሮጣል፤ ይደክመዋል፤ ይተኛል። ሰው ሮጦ እስኪደርስ ድረስ ብቻ ነፍሱ ትቆያለች። አንድ መዳፍ ወደ ፊት ከሆነ ልብ ነው፤ እዚያው ይሞታል። አንድ መዳፍ ወደ ኋላ ከሆነ ጨጓራ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ እየተሰቃየ ይጠፋል። ያን የመዳፍ ስፋት ነው አባዬ በአሮጌ ምንሽር፣ በደበዘዘ ብርሃን፣ ሁልጊዜ ያገኘው። ክፍሉ ውስጥ አለቀስኩ። ጓደኞቼ ለበጉ አዝና ነው ብለው ሳቁብኝ።

ለዕረፍት ስመጣ ጓሮ አቮካዶ ሲገርዝ አገኘሁትና ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ አንተ ስተህ አታውቅም አይደል?»

መጋዙን አቆመ። አጥሩን ተሻግሮ ወደ ጋሼ ከማል ቤት አየ። «ቀስ በይ፤ ከማል እንዳይሰማ።»

«ለምን አልነገርከውም?»

«መጀመሪያውኑ እሱ ራሱ፣ ለእኔ ብለህ አትጨነቅ፣ ሞቶ ካገኘሁት የእኔ ድርሻ ለውሻዬ ይሁን ብሎኝ ነበር። ሆን ብዬ መሆኑን ቢያውቅ አብሮኝ አይወርድም። ደግሞ ውለታ ነው ብሎ ሊመልስልኝ ሲሮጥ ይኖራል። እኔ የፈለግሁት ቢላዋውን ይዞ እንዲሮጥ ነው።»

«ድኩላውስ?»

ፊቱ ጠቆረ። «እሱን ይቅርታ እጠይቀው ነበር» አለ። «ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም።»

አፌን ዘጋሁ። ይኸው ስንት ዓመት ዘግቼ ኖርኩ። ባለፈው ዓመት የጋሼ ከማል ላም ጡቷ አብጦ እንዳያት ጠራኝ። አርጅቷል፤ ላሟን በገመድ ይዞልኝ እንኳ በአባዬ ማሾፉን አልተወም። «አባትሽ እኮ ይህቺን ላም ከዚህ ሆኖ ቢተኩስ ጎረቤትን ነው የሚመታው» አለኝ። እኔም የዚያን ቀን ደክሞኝ ነበር መሰለኝ መርፌዬን እያጠብኩ፣ «ጋሼ ከማል፣ ይበቃል አሁን» አልኩት።

ፊቴን አየና ገመዱን ለቀቀ። «ደርሰሽበታል ማለት ነው» አለ።

ወደ ቤት አስገባኝ። እናቱ ይሰግዱበት የነበረውን ቆዳ ከግድግዳው አወረደ፤ ከሥሩ ሌላ፣ ከሱም ሥር ሌላ ነበር። የድኩላ ቆዳዎች ናቸው፤ ከአባዬ ጋር ካደኗቸው ሁሉ እናቱ አስቀርተው ያለፏቸው። አንዱን በአንዱ ላይ ደረባቸውና ወደ መስኮቱ አነሳቸው። በሁሉም ውስጥ፣ ከትከሻው ኋላ፣ በአንዲት ቀዳዳ ብርሃን አለፈ።

«እናቴ ናት ያሳየችኝ፤ ያን ዕለት እናንተ ከወጣችሁ በኋላ» አለ። «ተኩሶ የሚስት ሰው ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይስትም አለችኝ። ይህ ልጅ ስንት ዓመት ለአንተ ብሎ ሲሰደብ ኖረ አለችኝ። አለቀስኩ። አሁኑኑ ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅ ስላት ቆጣችኝ። ካወቀብህ መስጠቱ ይጎመዝዘዋል፤ አንተ ዝም ብለህ ስደበው አለችኝ።»

«እና ይኸው እስከ ዛሬ...»

«አደራዋ ነው። እኔ እሱን ሳልሰድብ የዋልኩ ቀን እናቴን የረሳሁ ይመስለኛል።» ቆዳዎቹን መልሶ ሰቀላቸው። «እንዳትነግሪው።»

ዘንድሮ ለመስቀል አጎቴ ሆሴዕ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሁላችንም በረንዳችን ላይ ተቀምጠን ነበር። ምንሽሩ ለመንግሥት ከተመለሰ ቆይቷል፤ ወሬው ግን አልተመለሰም። ጋሼ ከማል እንደ ልማዱ ጀመረ፤ ይህ ሰው ዝሆን በር ላይ ቢቆምለት ይስታል አለ። የቤቱ ልጆች ሳቁ። አጎቴ ግን ሽማግሌ ሆኗልና ነገር ማጣራት ይወዳል።

«ቆይ እስቲ» አለ። «እኔ ሳስበው ያን ቀን የተኮሰው ነገር ግራ ይገባኛል። ሐዳሳ፣ አንቺ ሐኪም ነሽ፣ እዚያም ነበርሽ። እውነቱን ንገሪን፤ አባትሽ ይስት ነበር ወይስ አይስትም ነበር?»

አባዬ አየኝ፤ ዓይኖቹ ይለምናሉ። ጋሼ ከማልም ከማዶ አየኝ፤ የእሱም ይለምናሉ። ሁለቱም ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል፣ አንድ ሳህን በመሃላቸው አለ።

«ይስት ነበር» አልኩ። «አንድም ቀን መትቶ አያውቅም።»

ጋሼ ከማል ጭኑን መትቶ ሳቀ፤ አባዬም አብሮት ሳቀ፤ ከዚያ ትልቁን ሙዳ ከሳህኑ መርጦ አጎረሰው።